የአልጋ አንጣፊዋ ሹመት

«ማናጀር የዕረፍት ቀን የለውም» አለ ያዕቆብ ከግድግዳው ወዲያ፣ በስልክ። «ነገሩ ቀላል እኮ ነው። ሠራተኛ ካልካቸው በሳምንት አንድ ቀን ልረፍ ይሉሃል፣ አመመኝ ይሉሃል፣ ልጄ ታመመ ይሉሃል። ማናጀር በላቸውና አንገታቸው ላይ ባጅ አንጠልጥልላቸው፤ ሰባቱንም ቀን ደስ ብሏቸው ይሠሩልሃል። እኔ ዛሬ ከሰዓት ሁሉንም ልሾማቸው ነው!» ሳቀ። ከዚያ የወዲያኛው ሰው አንድ ነገር ጠየቀው መሰል፣ ዝም ብሎ ቆየና፣ «አክስቴ? እሷማ በደስታ ታለቅሳለች። ድሮም የጎደላት ስም ነው» አለ።

ዘርፌ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘች ቆመች። የደምለው ሆቴል የላይኛው ፎቅ ክፍሎች የሚለያዩት በኮምፔንሳቶ ነው፤ እንግዳ ሲያስነጥስ ጎረቤቱ ይማርህ የሚልበት ቤት ነው። ከናይሮቢ የሚመጣው አስፋልት ሞያሌ ከገባ ወዲህ እንግዳው በዝቷል። ያዕቆብም ናይሮቢ የሆቴል ሥራ ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ የቤቱ ነገር ሁሉ ስሙ ተለውጧል። ሰባት ቁጥር ወይን ጠጅ መጋረጃ ተሰቀለለትና «ኤግዚኪዩቲቭ ስዊት» ተባለ፣ ከአምስት መቶ ሺሊንግም ወደ ሺህ ሁለት መቶ ወጣ። አልጋው ግን ያው አልጋ ነው፤ ሰው ሲገላበጥ እንደ ድሮው ይጮኻል፣ ፍራሹም መሐሉ ላይ እንደ ሳፋ ጎድጉዷል። ለሠራተኛው ሁሉ ሹመትና ባጅ እንደሚሰጥም አስቀድሞ ተናግሯል፤ ይህን ሁሉ ዘርፌ በሆዷ ስትስቅበት ነው የከረመችው። መጋረጃ መስቀል ማንንም አይጎዳም፣ ሰው ከፍሎ እስከተኛ ድረስ ምን ቸገራት? «የጎደላት ስም ነው» የሚለው ቃል ግን አላሳቃትም። ያዕቆብን በልጅነቱ ወባ ሲይዘው በጀርባዋ አዝላ ሐኪም ቤት ያደረሰችው እሷ ናት፤ አባቱ ያን ጊዜ ለንግድ ሄዶ ነበር። አንሶላውን ወጠረች፣ ጫፉን ከፍራሹ ሥር አስገባች፣ ትራሱን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ አስቀመጠች። ከዚያ ባልዲዋን አንሥታ ወጣች።

የሆቴሉ ባለቤት ደምለው የያዕቆብ አባት፣ የሟች ባሏም ታላቅ ወንድም ነው። ባሏ ሲሞት፣ ሐዘኑ ሳይወጣ፣ «ከሰው ቤት ከምትሄጂ እኔ ጋ ሥሪ» ብሎ አምጥቷት እዚሁ ቀረች። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ቁጣም አላሰማትም፣ እንዴት ነሽ ብሎም አልጠየቃትም። የሒሳብ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ሲያያት ራሱን ይነቀንቃል፤ እሷም ትነቀንቃለች፤ ዝምድናቸው ይኸው ነው። አንድ ነገር ግን ገና በመጀመሪያው ቀን በአንደበቱ ብሏታል፤ «እሑድ ያንቺ ነው።» እሑድ ኬላውን ተሻግራ ኢትዮጵያ በኩል ካለው ቤተ ክርስቲያን ታስቀድሳለች፣ ተመልሳ ከልጇ ጋር ምሳ ትበላለች። ሌላው ስድስት ቀን የእንግዳ ነው።

ታች ስትወርድ ዘበኛው ሀልካኖ ከበሩ ላይ ብድግ አለና እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት።

«ሜኔጃ! ነጋ ቡልቴ?» አለ፣ በቦረንኛ እንዴት አደርሽ ሲላት።

«ተው እባክህ ሀልካኖ።»

«እንዴት እተዋለሁ? እኔም እኮ ቺፍ ሴኪዩሪቲ ኦፊሰር ልሆን ነው!» አለ፤ አማርኛው ላይ ቦረንኛው ይጎትታል። በሚቀጥለው ሳምንት ለልጁ ጋብቻ ዳበል ከሚባለው መንደር ሽማግሌዎች ይመጡበታል፤ ያን ቀን ባጁን በኮቱ ላይ አድርጎ ሊቀበላቸው አስቧል። ፊቱ እንዲህ በርቶ አይታው አታውቅም። የሰማችውን ልትነግረው አሰበችና ባልዲዋን ይዛ አለፈችው።

ለፎዚያ ግን ነገረቻት። ፎዚያ ከኩሽናው ጀርባ ሁለት ሳፋ ፊቷ አድርጋ ሳህን ታጥባለች፤ ወጣት ናት፤ ልጇን ቡቲዬ መንደር ያለችው እናቷ ናት የምታሳድግላት፤ ዓርብ ከቀትር በኋላ በእግሯ ሄዳ አይታው ትመጣለች። ሹመቷ «ኪችን ሃይጂን ዳይሬክተር» ነው። ዘርፌ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ከግድግዳው ወዲያ የሰማችውን አንድም ሳትጨምር ነገረቻት። ፎዚያ የያዘችውን ሳህን ከመጠን በላይ አሸችው።

«ዓርቤም ሊቀር ነው?»

«ሁሉም ነው የሚቀረው።»

«ታዲያ ምን እናደርጋለን?»

«አንቀበልም» አለች ዘርፌ። «ሲጠሩን አንቀበልም እንላለን።» ፎዚያ ሳህኑን አለቀለቀችና ሌላ አነሣች።

ምሳ ሰዓት ላይ ዘርፌ ወደ ቤቷ ሄደች። ቤቷ ከገበያው በስተጀርባ ከአንዲት ቡርጂ ሴት ግቢ የተከራየችው አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ልብስ የሚሰቀልበት ገመድ። ልጇ ማህሌት ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ዘንድሮ ፎርም ፎር ናት፣ ሁለተኛ ደረጃን ልትጨርስ ነው፣ ከእናቷ በቁመት በልጣ ሄዳለች። ሸሚዙን ከሚቱምባው፣ ከልባሽ ጨርቅ ገበያ፣ ከብዙ ጨርቅ መሐል ፈልጋ፣ ተከራክራ፣ በራሷ ሳንቲም ነው የገዛችው። አንገቱ ላይ የነበረውን የቀለም ምልክት በሎሚና በጨው አስለቅቃዋለች። «ባጁ በነጭ ላይ ነው የሚያምረው» አለች፣ ከካውያው ቀና ሳትል። ከዚያ ትምህርት ቤት ለጓደኞቿ እንደነገረቻቸው፣ አንዷ ጭራሽ አላመነችም እንዳለች፣ ዛሬ ከሰዓት መጥተው በሩ ላይ ሆነው ሊያዩ እንደሚችሉ ዘረዘረች። ዘርፌ ባቄላውንና ቻፓቲውን ፊቷ አድርጋ አዳመጠች። ማህሌት ስለ እናቷ ሥራ ስትጠየቅ «ሆቴል ውስጥ» ብላ ዝም እንደምትል ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ ከመንገድ ላይ ሰምታታለች። በዚያ ቀንም አልተናገረቻትም። አሁንም ሸሚዙን ተቀብላ ለበሰች። ማህሌት የኮሌታውን ጫፍ አስተካከለችላት፣ ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየቻትና፣ «ማናጀር ትመስያለሽ» አለች። ዘርፌ ያልበላችውን ምግብ ከደነችና ወጣች።

ሥነ ሥርዓቱ ግቢው ውስጥ ነው። የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ለስላሳና ኬክ ቀርቧል፣ የሰፈሩ ባለሱቆችና የደምለው ወዳጆች ተጠርተዋል፣ ከአንድ ሰርግ ቤት የተከራዩት ድምፅ ማጉያ ያፏጫል። ደምለው ጥቁር ኮቱን ለብሶ ከፊት ተቀምጧል፤ በልጁ ኮርቷል፣ ኩራቱንም መደበቅ አልሆነለትም። ማህሌት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በሩ ላይ ቆማለች። ያዕቆብ አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ በስዋሂሊ፣ አንዴ በአማርኛ ተናገረ። ይህ ቤት ከእንግዲህ ዘበኛና ሳህን አጣቢ ያለበት ቤት አይደለም፣ የመሪዎች ቤት ነው አለ። በአህያ ውሃ የሚያመጣው ጋልማ እንኳ «ዋተር ሪሶርስ ኮኦርዲኔተር» መሆኑን ሲናገር ሰዎች ሳቁ፤ ጋልማም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ያዕቆብ ባጆቹን ከካርቶን አወጣ።

«መጀመሪያ አክስቴ! ከዛሬ ጀምሮ ኤግዚኪዩቲቭ ሃውስኪፒንግ ማናጀር ዘርፌ!»

ተጨበጨበ። ዘርፌ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሄደች። ያዕቆብ ገመዱን በራሷ ላይ ሊያጠልቅ ሲያነሣ እጁን አየር ላይ ያዘችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ያዕቆብ። እሑዴስ?»

«ምን አልሽ አክስቴ?»

«እሑዴስ ነው ያልኩት። ማናጀር ከሆንኩ እሑድ አርፋለሁ ወይስ አላርፍም?»

ያዕቆብ ወደ እንግዶቹ ዞሮ ፈገግ አለ። «ይኼ የደስታ ሰዓት ነው፣ እሱን ሌላ ጊዜ ቁጭ ብለን...»

«አርፋለሁ፣ አላርፍም?»

«ማናጀር እኮ እንደ ተራ ሠራተኛ ቀን አይቆጥርም አክስቴ። ኃላፊነት ነው። ቤቱ የራስሽ ነው።»

«አላርፍም ማለት ነው» አለች። እጁን ለቀቀችውና ወደ ሰዎቹ ዞረች። ድምፅ ማጉያው ቅርብ ስለነበር ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኾ ወጣ። «እኔ አልጋ አንጣፊ ነኝ። አንሶላ አጥባለሁ፣ ሽንት ቤት እፈትጋለሁ። አላፈርኩበትም፣ ልጅ አሳድጌበታለሁ። ይኼን ስም የሚሰጡኝ ግን እሑዴን ሊወስዱብኝ ነው። የፎዚያንም ዓርብ። ጠዋት በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልፈልገውም።»

አንድ ባለሱቅ የለስላሳ ጠርሙሱን አንሥቶ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። ዘርፌ ወደ ደምለው አየች፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንድ ቃል የጠበቀችው ከእሱ ነበር፣ እሑድ ያንቺ ነው ያለው እሱ ነውና። ደምለው የጫማውን ጫፍ ያያል። ያዕቆብ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እሺ፣ አክስቴ ዛሬ ደክሟታል» ብሎ ቀጠለ። ሀልካኖ ተጠራ፣ ባጁን ተቀበለ፤ ወደ ዘርፌ ግን አላየም። ጋልማ ተቀበለ። አስተናጋጁ ተቀበለ። ከዚያ ፎዚያ ተጠራች። ዘርፌ ዓይኗን ተከለችባት። ፎዚያ በሻሿ ጫፍ እጇን ጠራርጋ ሄደች፣ አንገቷን ደፋች፣ ገመዱ ጠለቀላት።

በኋላ፣ ሰዉ ሲበታተን፣ ፎዚያ ሳፋዎቿ አጠገብ ቆማ ጠበቀቻት። ባጁ ደረቷ ላይ ነበር።

«እንዳትቀየሚኝ» አለች። «አንቺ ዘመዳቸው ነሽ። ዛሬ ቢያባርሩሽ ነገ ሽማግሌ ልከው ይታረቁሻል። እኔን ቢያባርሩኝ ማን ነው የሚልክልኝ?»

«አልተቀየምኩም» አለች ዘርፌ። እውነቷን ነበር፤ ያናደዳት ፎዚያ ሳትሆን ነገሩ እውነት መሆኑ ነው።

ቤት ስትደርስ ማህሌት ቀድማት ገብታ ነበር። ሰላም አላለቻትም። ሻይ አፍልታ፣ የእናቷን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ የራሷን ይዛ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዘርፌ ሸሚዙን አውልቃ በጥንቃቄ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። ሁለቱም ሸሚዙን ማየት አልፈለጉም፣ ክፍሉ ግን ጠባብ ስለሆነ ሌላ የሚያዩት ነገር አልነበረም። ጎረቤት ሬዲዮ ይዘፍናል፣ የግቢው ባለቤት ዶሮዎቿን ትጠራለች።

«በሰው ሁሉ ፊት ‹ሽንት ቤት እፈትጋለሁ› ማለት ነበረብሽ?» አለች ማህሌት በመጨረሻ።

«የምሠራው እሱን ነው።»

«አውቃለሁ። ሁሉም ያውቃል። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ሌላ ነገር ብትባዪ ብዬ ነው።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ዘርፌ ጠዋት የሰማችውን ልትነግራት ፈለገች፤ ግን ልጅቱ ሰምታው ነበር፣ ግቢው ሁሉ ሰምቶታል፤ የሰማችውም ሽንት ቤቱን ብቻ ነው። ሻዩ ሳትጠጣው ቀዘቀዘ።

በማግሥቱ፣ እሑድ፣ ዘርፌ ነጠላዋን ለብሳ ብቻዋን ኬላውን ተሻገረች፤ ማህሌት ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች። አስቀድሳ ስትመለስ ጸሐዩ ከሮ ነበር። ደምለው በሯ ላይ፣ ማህሌት ባወጣችለት ዱካ ላይ ተቀምጧል። ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ እዚህ ቤት መጥቶ አያውቅም። ዘርፌ ከፊቱ ቆመች።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ።

«አንተን አይደለም ጋሼ።»

«ልጄን ካዋረድሽ እኔን ነው።» ደምለው ኮፍያውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ። ንግግር አይቀናውም፤ ሊል የመጣውን መንገዱን ሙሉ ሲያዘጋጅ እንደመጣ ያስታውቃል። «እሑድሽን ውሰጂ» አለ። «ድሮም እኔ ነኝ ያንቺ ነው ያልኩሽ። ቃሌን አላጥፍም። ላንቺ ግን ነው፤ ለሌሎቹ አታውሪ። ባጁንም ለልጁ ክብር ስትይ አድርጊው። አልቋል።»

ዘርፌ በእጇ የበሩን መቃን ያዘች። ትናንት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የጠየቀችው ይኸው መጣላት፣ ያውም ደጃፏ ድረስ በእግሩ። እሺ ብትል ነገሩ ያበቃል፤ ነገ ትገባለች፣ ማህሌትም ባጁን ታይላታለች፣ ደምለውም እንደ ወትሮው ራሱን ይነቀንቅላታል። ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«የፎዚያስ ዓርብ?» አለች።

«ፎዚያ ዘመዴ አይደለችም።»

«እኔ እንደ ዘመድ አልጠየቅሁህም ጋሼ። እንደ ዘመድማ ቢሆን እንዴት አደርሽ ብትለኝ ይበቃኝ ነበር። እንደ ሠራተኛ ነው የጠየቅሁህ። ሠራተኛ ከሆንኩ እሷም ሠራተኛ ናት።»

ደምለው ፊቱ ተለዋወጠ። «ዛሬ ከማርሳቢት በሁለት ማታቱ ሚኒባስ ሰርገኛ ይገባል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትናንት የወጡት እንግዶች የተኙበት አልጋ እንደ ፈረሰ ነው። አንሶላ አልተቀየረም። ማን ያንጥፈው?»

«ማናጀሮች አሉህ አይደል? እነሱ ያንጥፉት።»

ተነሣ። ሱሪውን አራገፈ፣ ኮፍያውን አደረገ፣ ደህና ዋይም ሳይላት በግቢው በር ወጣ። ዘርፌ ገብታ ተቀመጠች። የቤት ኪራዩን፣ የማህሌትን የመጨረሻ ተርም የትምህርት ቤት ክፍያ አሰበች፤ በዚህ ዕድሜዋ የማንን በር ልታንኳኳ ነው? ማህሌት ምድጃው አጠገብ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ምሳ አቀረበችላት፤ ሥጋውን ወደ እናቷ በኩል ገፋ አደረገችው። ከዚያ ዘርፌ ጫማዋን አወለቀችና ከነልብሷ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። ለትንሽ ጊዜ ብላ ነበር፤ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ ስላልዞረ ወዲያው ይዟት ጭልጥ አለ።

በሩ ሲንኳኳ የከፈተችው ማህሌት ናት። ያዕቆብ ነው። እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሏል፣ ሸሚዙ ከላብ ብዛት ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

«እናትሽስ?»

«ተኝታለች።»

«አሁን? በዚህ ሰዓት?»

«እሑድ ነው።»

ያዕቆብ ግንባሩን ጠረገ። ትናንት በድምፅ ማጉያ ይናገር የነበረው ልጅ አይመስልም። «እዚያ የሆነውን ብታዪ» አለ። «ሀልካኖን አልጋ አግዘኝ ብለው ‹ቺፍ ኦፊሰር አልጋ አያነጥፍም› አለኝ፤ ባጁን አሳየኝ። ጋልማ የሰው ሻንጣ የኔ ዲፓርትመንት አይደለም አለ። ድሮ እኮ ሁሉም ሁሉንም ነበር የሚሠራው! ፎዚያን ደግሞ ክፍል ጥረጊ ብላት፣ ‹እኔ የኪችን ዳይሬክተር ነኝ፤ የአልጋው ማናጀር ትጠራ፤ እሷ ደግሞ ዛሬ ዕረፍት ናት› አለችኝ። በሰዎች ፊት!»

ማህሌት ከንፈሯን ነከሰች። «ጋሽ ደምለውስ ምን አሉ?»

«አባዬማ...» ዓይኑን ወደ መንገዱ ሰደደ። «የሁሉም ቀን እንደ በፊቱ ይሁን ብሏል። የፎዚያም፣ የሁሉም። እኔም እሺ ብያለሁ። ዛሬን ብቻ ትምጣልን። ሰዎቹ ደርሰዋል፣ ሻንጣቸውን ይዘው ግቢው ውስጥ ቆመዋል።»

ማህሌት ዞር ብላ አየች። እናቷ አፏን በትንሹ ከፍታ፣ አንድ እግሯ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ፣ ክንዷን በፊቷ ላይ ጥላ ተኝታለች። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል። የጣቶቿ ጫፍ ከበረኪናው የተነሣ ነጣ ብሏል።

«ስትነሣ እነግራታለሁ» አለች።

«መቼ ነው የምትነሣው?»

«እኔ አላውቅም።»

«ማህሌት፣ እባክሽ። ቀስቅሻት።»

«አልቀሰቅሳትም። አንሶላው ከደረጃው ሥር ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሰፋፊው ከታች ነው፣ የአንድ ሰው አልጋው ከላይ። በትራሶቹ ጀምር፣ ይቀልሃል» አለችና፣ እናቷ እንዳትነቃ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችበት።